ደረቅ አፈር ያለበት ጣሳ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የገንዘብ ያዡ ሪፖርት ተሰምቷል፤ የተቆጣጣሪዎቹም አስተያየት ተነቧል። ድንኳኑ ስንት ቦታ ላይ እንደ ተቀደደ፣ ከብርጭቆው ምን ያህሉ እንደ ጎደለ ሁላችንም ሰምተናል። ምሳው እስኪደርስ ያለችውን ጊዜ ደግሞ «እስቲ አንድ ነገር ተናገሩባት» ተብሎ ለእኛ ተሰጥቶናል። እኛ ማለት በየበረንዳችን አበባ የምናስቀምጥ አምስት ስድስት ቤቶች ነን። ማኅበር አይደለንም፤ መዋጮም የለንም። በሰፈሩ የምንታወቀው ከየቤቱ የወጣ ባዶ ጣሳ በመለመን ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን የዘይት ጣሳ ተመልከቱት። ከገባችሁ ጀምሮ «ይኸ ደግሞ ምን ይሠራል?» የምትሉ እንዳላችሁ አይተናል። ውስጡ አፈር ነው። ከአፈር በቀር የሚታይ ነገር የለበትም። ወሩ ጥር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የፈረሰኞቻችን በዓል ካለፈ ገና ጥቂት ቀን መሆኑ ነው። ጣሳው ውሃ ከቀመሰ ሁለት ወር አልፎታል፤ አፈሩም እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ጣሳ ነው።

ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል፣ ለግንቦት ልደታ ንፍሮ በሚቀቀልበት ሰሞን፣ ከዚህ ከተሰነጠቀው አፈር መካከል አውራ ጣት የሚያህል ጫፍ ብቅ ይላል። አገዳው ወፍራምና ቅጠል የሌለው ነው፤ ከሥሩ በኩል ጠቃጠቆ አለበት። በቀናት ውስጥ ስንዝር አልፎ ይረዝምና አንድ ቀን ጠዋት በር ስትከፍቱ ጫፉ ተፈትቶ እሳት የመሰለ ቀይ አበባ ወጥቶበት ታገኙታላችሁ። ቅርጹ እንደ ኳስ ክብ ነው። ከሩቅ ለሚያየው አንድ አበባ ይመስለዋል እንጂ አንድ አይደለም፤ በአንድ አገዳ ጫፍ ላይ የተሰበሰቡ ብዙ ትንንሽ አበቦች ናቸው። እያንዳንዷ ስድስት ቀጫጭን ቀይ ቅጠልና ጫፋቸው ቢጫ የሆነ ስድስት ክሮች አሏት። ባለፈው ዓመት የሰፈሩ ልጆች እንቆጥራለን ብለው ዙሪያውን ተቀምጠው ነበር፤ ከ100 በላይ ከደረሱ በኋላ አንደኛው «የተቆጠረውን ደግመህ ቆጠርኸው» ብሎ ተጣሉና ቀረ። የዕፅዋት መጻሕፍት በአንድ ራስ ላይ እስከ 200 ድረስ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይናገራሉ። የልጆቹን ጠብ የፈረደ የለም።

ይህ ሁሉ የሚቆየው አሥር ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። አበባው ሲረግፍ ሰፋፊ ቅጠሎች ይከተሉታል፤ ክረምቱን ሙሉ ለምልመው ይቆያሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ይጠወልግና ይጠፋል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ድረስ እነሆ እንደምታዩት ነው። በሌላ አነጋገር ከዓመቱ ውስጥ አራት አምስት ወር ይህ ተክል የለም ማለት ይቻላል። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ «ይህን አፈር ለምን አትደፉትም?» ብሎ የሚጠይቀን በእነዚህ ወራት ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በየገጠሩ እንዲህ ያለውን በዱር የሚበቅል ሽንኩርት «የጅብ ሽንኩርት» የሚሉት አሉ። የጅብ ጥላ እንደምንለው መሆኑ ነው። በአማርኛችን አንድ ነገር ለጅብ ከተሰጠ «እጅህን አንሣ፤ ለሰው አይሆንም» ማለት ነው፤ ይህም ከንቱ አባባል አለመሆኑን ኋላ እናነሣዋለን። የሳይንስ ሰዎች ደግሞ ስካዶክሰስ ሙልቲፍሎረስ ይሉታል። ሁለተኛው ቃል «ባለ ብዙ አበባ» ማለት ነው፤ ልጆቹ የተጣሉበት ነገር በስሙ ውስጥ አለ። ቶማስ ማርቲን የተባለ እንግሊዛዊ የዕፅዋት አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1795 በመጽሐፍ ሲያስገባው ሄማንተስ ብሎት ነበር፤ በግሪክኛ «የደም አበባ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢብ ፍሪስ የተባለው ዴንማርካዊና ኢንገር ኑርዳል የተባለችው ኖርዌያዊት ከሄማንተስ ወገን ለይተው አሁን ወዳለበት ወገን መለሱት። ኢብ ፍሪስ የአገራችንን ዕፅዋት ለብዙ ዓመታት ያጠና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ሲዘጋጅ ከደከሙት መካከል አንዱ ነው።

ይህ ተክል ከሴኔጋል እስከ ሶማሊያ፣ ወደ ታችም እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ባሕር ተሻግሮም እስከ የመን ድረስ በዱር ይገኛል። እንግዲህ ባዕድ አይደለም፤ የራሳችን የዛፍ ጥላና የወንዝ ዳር ተክል ነው። እንዲያውም ከወንድሞቹ አንዱ፣ ስካዶክሰስ ኑታንስ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ በዱር አይገኝም። እርሱ የሚኖረው በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ነው፤ አበባውም አንገቱን ደፍቶ ወደ ታች ያያል። በአውሮፓና በእስያ አገሮች የእኛን ዓይነቱን ሽንኩርት ሰዎች ከሱቅ በገንዘብ ገዝተው በቤታቸው መስኮት ላይ ያኖሩታል። እኛ ዘንድ ፍየል ረግጦት ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሁላችንም የምንጠይቀው ጥያቄ «ወሩን በምን ያውቀዋል?» የሚል ነው። ውሃ ስለ ጠጣ ነው እንዳንል ዝናብ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ጣሳም ብቅ ይላል። ሌሎቹ ተክሎቻችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምልክት አላቸው። አደይ አበባ ክረምቱን ተከትላ መስከረም ላይ እንደምትወጣ ማንም ያውቃል። ገና ሲደርስ ጫፉ የሚቀላው፣ ከሜክሲኮ የመጣው ዛፍ ደግሞ የሌሊቱን መርዘም ይቆጥራል። (ቀዩ አበባው እንዳይመስላችሁ፤ ቅጠል ነው። አበባው መካከል ላይ ያለችው ቢጫ ፍሬ መሳይ ነገር ናት።) በእኛ አገር ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ ነው፤ ዛፉ ግን ይህችን ታህል ለውጥ አይስታትም። ሌሊቱን ሙሉ የመንገድ መብራት ቢያበሩበት ይሳሳትና ሳይቀላ ይዘገያል። የአዊ ቀርከሃስ? እርሱ ብዙ አሥርት ዓመታት ዝም ብሎ ኖሮ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል። ቀርከሃ ሲያብብ ሳያዩ ያረጁ ሰዎች መካከላችን አሉ። የዚህ የእኛ ሽንኩርት ምልክት ደግሞ ሙቀት ነው። በደጋ አገራችን ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቁት መጋቢትና ሚያዝያ ናቸው፤ አፈሩ ሲሞቅ ሽንኩርቱ ከእንቅልፉ ይነቃል። ዝናቡ ከኋላው እንደሚመጣ በእርሱ ዘንድ የታወቀ ነው።

ነገር ግን መነሣቱን በዚህ ብናውቅ፣ አበባው ከየት መጣ? ውሃ የለ፣ ቅጠል የለ፣ አዲስ ምግብ የለ። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንናገረው።

ሽንኩርቱ ከውስጥ ልክ እንደ ወጥ ሽንኩርት በላይ በላዩ የተደራረበ ነው። እነዚያ ድርብርብ ነገሮች ምግብና ውሃ የሚቀመጥባቸው ናቸው። ቅጠሉ ክረምቱን ሙሉ ከፀሐይ የሚሠራውን ምግብ ከዕለት ፍጆታው የተረፈውን ሁሉ ወደ ታች ያወርድና እዚያ ያስገባዋል። የከተማችን ስም ግምጃ ቤት ነው፤ ለዚህ ሽንኩርት ከዚህ የተሻለ ስም የሚያወጣለት ሰው ይኖራል ብለን አናምንም። የሚያስደንቀው ግን ምግቡ ብቻ አይደለም። በዚህ ወገን ባሉ ሽንኩርቶች የሚመጣው ዓመት አበባ መሠራት የሚጀምረው ያለፈው ዓመት ቅጠል ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። ማለት፣ ከሽንኩርቱ ልብ ውስጥ በዓይን የማትታይ የአበባ ቡቃያ ትጀመርና ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ስለዚህ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ በዚህ ደረቅ ጣሳ ውስጥ የግንቦቱ አበባ አለ። ገና ሊሠራ ያለ አይደለም፤ ተጀምሮ ያደረ ነው። በግንቦት የምናየው የዘንድሮ ሥራ አይደለም ማለት ነው፤ የአምናው ክረምት ሥራ ነው።

ይህን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ጉዳይ እናሳይ። ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር አንዲት የዕድራችን እናት አርፈዋል። ስማቸውን አናነሣም፤ ሁላችሁም ቀብራችኋቸዋል። በጓሮአቸው ግድግዳ ሥር አሥራ አንድ ጣሳ ነበር። ድንኳን ሊተከል ቦታ ሲጠረግ አንድ ጎረምሳ ጣሳዎቹን አንሥቶ አፈሩን ወደ ቦዩ ሊገለብጥ ሲል አንዲት ጎረቤታቸው ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው፣

«ተው ልጄ! ሰው አለበት» አሉት።

ልጁ ደንግጦ ጣሳውን አስቀመጠው። «እማማ፣ ባዶ አፈር እኮ ነው» አለ።

«ባዶስ አይደለም። ወደ እኔ ቤት አድርስልኝ።»

አሥራ አንዱም ወደ ጎረቤት ቤት ሄዱ። ነገሩ በዚያው ተረሳ። ሐዘንተኞቹም ወደየቦታቸው ተመለሱ፤ የሟች ሴት ልጅ የምትኖረው ባሕር ዳር ስለሆነ እርሷም ቤቱን ቆልፋ ሄደች። ከዚያ ለሰማንያው ተመለሰች። ሰማንያው የዋለው ግንቦት ውስጥ ነው። ጎረቤቲቱ ከጣሳዎቹ ሰባቱን ተሸክመው መጡና በሩ ላይ ደረደሩላት፤ ሰባቱም አብበዋል። አራቱ በዚያ ዓመት አላበቡም፤ ቅጠል ብቻ አወጡ።

በዚያን ዕለት «ተአምር ነው» ያሉ ነበሩ። «አወቀቻቸው» ያሉም ነበሩ። እኛ ግን ወደዚያ አንቸኩልም። አበባው በየዓመቱ በግንቦት ይወጣል፤ ሰው ሞተም አልሞተም ይወጣል፤ የሰማንያውን ቀን የሚቆጥር ተክል የለም። ልጅቱም ይህንኑ ብላ ነበር፤ «ለሁሉም ሰው ነው የሚያብበው» ብላ ጥቂት ቅር ያላት መሰለን። እንግዲህ ቅድም የተናገርነውን የነገርናት ያን ጊዜ ነው። እነዚያን አበቦች ያሠራው ያለፈው ክረምት ቅጠል ነው። ያለፈውን ክረምት ቅጠል የተንከባከቡት፣ ዶፍ ሲሆን ከጣሪያው ሥር የሚያስገቡት፣ ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ የሚያጥሩበት፣ ዝናቡ ሲቆም በስኒ ውሃ የሚያጠጡት እናቷ ናቸው። እርሳቸው በኅዳር ውሃ ማጠጣት ሲያቆሙ አበባው ውስጥ ነበር። የካቲት ላይ ሲቀበሩም ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ያየችው ለእርሷ ሲባል የወጣ አይደለም፤ ሆኖም ከእናቷ እጅ የወጣ ነው። ይህ ደግሞ ተረት አይደለም፤ ሽንኩርቱን ለሁለት ሰንጥቆ ማየት የሚቻል ነገር ነው።

ልጅቱ ሁለቱን ጣሳ ይዛ ሄዳለች። በአውቶቡስ ጭኗ ላይ ይዛ እንደሄደች ሰምተናል።

ከዚህ ተነሥተን ለሥራ አስፈጻሚው አንድ ሐሳብ አቅርበናል። ሐሳባችን ቀላል ነው፤ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ጣሳና ማሰሮ አይደፋ። ድንኳን የሚተክሉት ልጆች አፈር ያለበትን ዕቃ ሁሉ ወደ ጎረቤት ያድርሱ፤ ዕቃ ተረካቢውም ብርጭቆና ወንበር እንደሚመዘግብ ሁሉ «ጣሳ ይህን ያህል፣ ያለበት ቤት እገሌ ዘንድ» ብሎ በደብተሩ ይጻፍ።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አንድ አባታችን ይህን ተቃውመዋል። «ዕድር የተቋቋመው ሰው ለመቅበር ነው እንጂ አፈር ለማመላለስ አይደለም፤ ነገ ደግሞ ዶሮውንና ድመቱን መዝግቡ ትሉናላችሁ» ብለዋል። ሰው ሁሉ ስቋል፤ እኛም ስቀናል። ደግሞም እውነት አላቸው፤ ሥራ ማብዛት የዕድር በሽታ ነው። ነገር ግን እስቲ እናስበው፤ በእነዚያ በሦስቱ የለቅሶ ቀናት የሟቹ ቤት ዕቃ ሁሉ በእኛ እጅ ያልፋል። ቤተሰቡ የሚያየው ነገር የለም፤ ዓይኑ እንባ ነው። አልጋው ወዴት እንደ ዞረ፣ ሙቀጫው ማን ዘንድ እንደ ሄደ የምናውቀው እኛ ነን። ለብርጭቆ የሚጠነቀቅ ዕድር ለጣሳ መጠንቀቅ አያቅተውም። የተሰበረ ብርጭቆ በመዋጮ ይገዛል፤ የእነዚህን እናት ጣሳ ግን የሚሸጥ ሱቅ ግምጃ ቤት ውስጥ የለም፤ እንጅባራም የለም።

አሁን ስለ አደጋው እንናገር፤ ይህን ሳንናገር ብንቀመጥ ያስወቅሰናል። ይህ ሽንኩርት መርዝ ነው። ቅጠሉም፣ አገዳውም፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከአፈር ውስጥ ያለው ሽንኩርቱ መርዝ አለበት። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች አዳኞች ለፍላጻ መርዝ፣ ዓሣ አስጋሪዎችም ዓሣ ለማፍዘዝ ተጠቅመውበታል። ፍየልና በግ ቢበሉት ይጎዳሉ፤ ሰውም ቢበላው ያስመልሰዋል፣ ከዚያ የባሰም ሊያመጣ ይችላል። ስለሆነም ከጣሳ የወጣ ሽንኩርት ከወጥ ሽንኩርት ጋር በአንድ እንቅብ ፈጽሞ አይቀመጥ። የወጥ ቤት መደርደሪያ ላይም አይደር። ፍሬው ሲበስል ቀይና የሚያምር ስለሚሆን ልጆች ወደ አፋቸው እንዳይሰዱት ይነገራቸው። የነካ ሰው እጁን ይታጠብ። የጅብ ነው ያሉት ሰዎች የሚሉትን ያውቁ ነበር።

አያያዙ ግን አያስቸግርም። ጣሳው ታችኛው በኩል በምስማር ይበሳ፤ ውሃ ከቋጠረ ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፤ ከድርቅ ይልቅ የሚገድለው እርጥበት ነው። ሽንኩርቱ ሲተከል አንገቱ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን እንጂ በጥልቅ አይቀበር። ኃይለኛ የቀትር ፀሐይ አይወድም፤ የዛፍ ጥላ ወይም የበረንዳ ጥግ ይስማማዋል። ቅጠሉ ከወጣ ጀምሮ እስኪጠወልግ ድረስ ይጠጣ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ውሃ ይቁም። ቅጠሉን «አስቀያሚ ሆነ» ብሎ አረንጓዴ ሳለ የሚቆርጥ ሰው የሚመጣውን ዓመት አበባ ቆረጠ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አለመንካት ነው። ብዙ ሰው የሚያቅተው ይኸኛው ነው፤ እጅ ሥራ ሲያጣ ውሃ ማፍሰስ ይወዳል። ከዓመት ዓመት ጣሳ አለመቀየርም ይጠቅማል፤ ሥሩን የነኩበት ዓመት ያኮርፍና ቅጠል ብቻ ያወጣል። ከፍሬው ማብቀል የሚፈልግ ሰው ሥጋውን ልጦ ወዲያው ይትከለው፤ አበባ ለማየት ግን ጥቂት ዓመታት መጠበቅ ይኖርበታል። ፈጣኑ መንገድ እናቲቱ ሽንኩርት ከጎኗ የምታወጣቸውን ልጆች ለይቶ መውሰድ ነው። ይህም የሚሠራው ተክሉ በተኛበት ወቅት፣ ማለት አሁን፣ ከዛሬ እስከ መጋቢት ነው።

ከሟች እናታችን አሥራ አንድ ጣሳዎች ሁለቱ ባሕር ዳር፣ ዘጠኙ ጎረቤታቸው ዘንድ ናቸው። ልጃቸው በፈቀደችው መሠረት ከእነዚያ የተለዩ ስምንት ትንንሽ ሽንኩርቶች በወረቀት ተጠቅልለው ጸሐፊው ዘንድ ተቀምጠዋል። ለመውሰድ የሚፈልግ አባል ከምሳ በኋላ ስሙን ያስመዝግብ፤ ጣሳ ይዞ ይምጣ። ፈላጊው ከስምንት በላይ ከሆነ ዕጣ እናወጣለን። ፍየል ያላችሁ ግን ጣሳውን የምታኖሩበትን ከፍ ያለ ቦታ አስቀድማችሁ አስቡ።